ደሞዝ የሌለው ደራሲ፦ ከአቤ ጉበኛ እስከ ቴሌግራም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ሻይ ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው መንገዱ ላይ ማንኩሳን ያገኛታል። ትንሽ ከተማ ናት። ነገር ግን አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ስሟን ያውቀዋል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነዋ! በዛብህ ግን በሕይወት የነበረ ሰው አይደለም። ከደራሲው ከሐዲስ ዓለማየሁ ሐሳብ የወጣ ነው። በሐሳብ የተፈጠረ አንድ ልጅ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ የአንዲትን ከተማ ስም ተሸክሞ ይዞራል።

ዛሬም በየከተሞቻችን ታሪክ የሚፈጥሩ ልጆች በዝተዋል። ቡሬ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ጅጋና ደንበጫ ላይ ማታ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ «ክፍል 1» ብሎ የሚጀምር ወጣት አለ። ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ ፌስቡክ ላይ ይደግመዋል፣ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ያነበዋል። አንባቢው «ቀጣዩ መቼ ነው?» እያለ ይጨቀጭቀዋል። ከዚያ አንድ ቀን አባቱ ወይም እናቱ ጥያቄውን ያመጡታል፦ «ልጄ፣ ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ ግን አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት ባግዳድ ላይ ተነስቷል፣ በአያቶቻችን ዘመን እዚሁ ጎጃም ላይ ተነስቷል። ታሪኩን አብረን እንየው፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄው ከደራሲው ይልቅ ወደ እኛ ወደ አንባቢዎቹ ሲዞር ታገኙታላችሁ።

1. የባግዳድ ወራቆች

መድረሳ የቀራ ሰው «ወራቅ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ወረቀት የሚሸጥ፣ ኪታብ የሚገለብጥ፣ የሚጠርዝና የሚነግድ ሰው ነው። በዐባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ ወራቆች የራሳቸው ገበያ ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ኢብኑ ነዲም ሲሆን፣ በ377 ዓመተ ሂጅራ (በፈረንጆች 987) «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ትልቅ የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅቷል። በዘመኑ ስለሚታወቁት ኪታቦችና ስለ ጸሐፊዎቻቸው ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

ኢብኑ ነዲም ልብወለድንም አልዘለለም። በስምንተኛው ክፍል ስለ ሌሊት ተረቶችና ስለ ተራኪዎቻቸው ጽፏል። ከነገረን ውስጥ ሁለቱን ልብ እንበል።

የመጀመሪያው የጀህሺያሪ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ከዐረብ፣ ከፋርስ፣ ከሩምና ከሌሎችም ሕዝቦች አንድ ሺህ ተረቶች መርጦ፣ እያንዳንዱን ለአንድ ሌሊት የሚሆን አድርጎ መጽሐፍ ሊያዘጋጅ ተነሳ። ተራኪዎችን ጠርቶ ከአፋቸው ሰማ፣ ከተጻፈውም መረጠ። 480 ሌሊት እንዳደረሰ ሞት ቀደመው። ዛሬ «ክፍል 480» ብንለው ነው። ጀህሺያሪ ኑሮው ከቤተ መንግሥት ሹማምንት ጋር የተያያዘ ጸሐፊ ነበር። ከተረቱ የሚጠብቀው እንጀራ አልነበረም።

ሁለተኛው የወራቆቹ የራሳቸው ጉድ ነው። ኢብኑ ነዲም እንደሚለው በዐባሲዮች ዘመን፣ ይልቁንም በሙቅተዲር ጊዜ፣ ተረት በጣም ይፈለግ ነበር። ወራቆቹ ገበያውን ሲያዩ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ፣ እየፈጠሩና እየዋሹም ጨመሩበት። ራሱ ወራቅ የሆነ ሰው ስለ ሙያ ጓደኞቹ የመሰከረው ነው። ገበያው ሲሞቅ ማን ጻፈው የሚለው ነገር ይረሳል። ይህ ዛሬ በስልካችን ላይ የምናየው ነገር አይመስላችሁም?

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በበስራ ሐሪሪ ተነሳ። «መቃማት» የተባለው ሥራው ልብወለድ ነው፤ አቡ ዘይድ የሚባል አንደበቱ የሰላ ለማኝ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰውን በቃላት የሚያታልልበት ታሪክ። ዑለማዎች ለቋንቋው ብለው ሲያስቀሩት የኖሩ ኪታብ ነው። ያቁት አል-ሐመዊ እንደዘገበው ሐሪሪ በ514 ዓመተ ሂጅራ፣ እሱ ዘንድ ተነብበው በእጁ የፈረመባቸው ቅጂዎች 700 ደርሰው ነበር። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን 700 ቅጂ! አሠራሩን ልብ በሉ፦ ገልባጩ ቅጂውን ያመጣል፣ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ደራሲው ፈቃዱን ይሰጣል። ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ትክክል መሆኑም ታወቀ ማለት ነው።

ሐሪሪም ቢሆን በበስራ የመንግሥት ሹመትና የራሱ ሀብት ነበረው። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ከልብወለድ ገንዘብ አግኝቶ ያደረው ማን ነው? ገልባጩ ነው። ደራሲው በሹመቱ ይበላል፣ ገልባጩ በደራሲው ሥራ ይበላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ጎጃም ስንመጣ እንፈልገዋለን።

2. ከዘጌና ከጎዛምን የወጡት ሁለቱ

ዛሬ «ልብወለድ» የምንለው ቃል ራሱ ከአንድ መጽሐፍ ርዕስ ጋር የተያያዘ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ ታተመ። የአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብወለድ እሱ ነው። የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳር የዘጌ ልጅ ናቸው። ኑሯቸው ግን ከመጽሐፉ አልነበረም፤ ጣሊያን አገር ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፣ በኋላም በመንግሥት ሥራ ላይ ኖሩ።

ሁለተኛው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማረኩ፣ ወደ ጣሊያን ደሴቶችም ተወስደው ለዓመታት ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ፣ በለንደን አምባሳደር ሆኑ፤ በሚኒስትርነትም አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። መጽሐፉ የጎጃምን ባላባት ከነኩራቱና ከነጭካኔው ያሳየ፣ ጉዱ ካሳን የመሰለ ተናጋሪ የፈጠረ ድፍረት ያለበት ሥራ ነው። የጻፉት ሰው ግን በየወሩ ደሞዝ ያላቸው ትልቅ ባለሥልጣን ነበሩ። መጽሐፉ ባይሸጥ ኖሮ ቤታቸው አይራብም ነበር።

ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ደሞዙ ጊዜና ትዕግሥት የሰጣቸው ይመስለኛል። ሦስተኛው የጎጃም ልጅ ግን ሌላ መንገድ መረጠ።

3. አቤ ጉበኛ

አቤ ጉበኛ በ1925 ዓ.ም. በአቸፈር ቆረንጭ አቦ በምትባል አጥቢያ ተወለደ። ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቅ ገጠር ነው። እንደ ብዙ የጎጃም ልጆች በቤተ ክህነት ትምህርት ጀመረ፣ ዳንግላም ተማረ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት ሠራ፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ማለት የተከበረ ኑሮ ማለት ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ቢሮ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይኮራበታል።

አቤ ያንን ወንበር ትቶ ተነሳ። በመጻፍ ብቻ ለመኖር ወሰነ። በአገራችን በብዕሩ ብቻ ለማደር ከደፈሩት ቀደምት ደራሲዎች አንዱ እሱ ነው።

ይህ ውሳኔ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር እስቲ እናስበው። ደራሲው በእጁ ወይም በታይፕ የጻፈውን ረቂቅ መጀመሪያ ለመንግሥት ቅድመ ምርመራ፣ ሳንሱር ለሚባለው፣ ያቀርባል። ካለፈለት ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ማተሚያ ቤቱ ገንዘብ ይጠይቃል። አሳታሚ ድርጅት የሚባል ነገር እንደ ልብ ስለሌለ ከፋዩ ደራሲው ራሱ ነው፤ ቆጥቦ ወይም ተበድሮ። መጽሐፉ ሲታተም ደግሞ ለመጻሕፍት ቤቶችና ለአዟሪዎች ያከፋፍላል፣ ገንዘቡ እስኪመለስ ይጠብቃል። ጸሐፊም፣ አሳታሚም፣ ነጋዴም አንድ ሰው ነው። ዛሬ «ራሱን ችሎ የሚሠራ ደራሲ» የምንለው ማለት ይሄ ነው።

በ1955 «አልወለድም» ወጣ። ታሪኩ ከማሕፀን ይጀምራል። ገና ያልተወለደው ልጅ በዚህ ግፍ በሞላበት ዓለም አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ለዚያም ነው ያስፈራው። መጽሐፉ ታገደ፣ ከገበያም ተሰበሰበ።

ደሞዝ ላለው ሰው መጽሐፉ ቢታገድ ስሙና ክብሩ ይጎዳል። ደሞዝ ለሌለው ሰው ግን መጽሐፍ መታገድ ማለት የዘራው ማሳ በአንድ ሌሊት በረዶ ሲመታው ማለት ነው። የማተሚያው ገንዘብ ሄዷል፣ የሚሸጠው ዕቃ ተወስዷል፣ የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚያሳትምበት መነሻ የለም። ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት ምን ይዝራ?

አቤ ቀጠለ። ስለ ኮንጎው መሪ ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ አሟሟት ቴአትር ጽፏል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ «አንድ ለእናቱ» የተባለ ልብወለድ ጽፏል። ግጥም ጽፏል፣ ተርጉሟል። በእንግሊዝኛም ሁለት መጻሕፍት አሉት፤ ከሁለቱ አንዱ በፈረንጆች 1975 የወጣው «ዲፋያንስ» ነው። በመካከል ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተግዟል። በፈረንጆች 1973 እና 1974 ደግሞ አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ጸሐፊዎች በሚሰበሰቡበት ፕሮግራም ተጋብዞ ተሳትፏል። ከአቸፈር ገጠር ተነስቶ አዮዋ መድረስ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1972 ዓ.ም. ሲሞት ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም።

የአቤ መንገድ ተሳካ ወይስ ከሸፈ? በገንዘብ ብንለካው ኑሮው ምቾት አልነበረውም። በሥራ ብንለካው ግን ቢሮ ቁጭ ብለው ሙሉ ዕድሜያቸውን ከኖሩት ብዙዎች የበለጠ ጽፎ አልፏል። ሹመት ያልነበረው ሰው እስከ ዛሬ የሚነበበው፣ ሊሸሽጉት የፈለጉትን መጽሐፍ አንባቢው እየተቀባበለ ስላቆየው ነው። ከኋላው የቆመለት ጌታ አልነበረም፤ የቆመለት አንባቢ ነው። አንባቢ ደግሞ ሲከፍል ደራሲ ይቆማል፣ ሳይከፍል ሲቀር ደራሲ ይወድቃል።

4. ሬዲዮ፣ ሳንሱርና ወረቀት

በደርግ ዘመን አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተተረከ። መጽሐፍ በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ ፊደልም ያልቆጠረ የጎጃም ገበሬ ሳይቀር የማንኩሳውን ልጅ ታሪክ ሬዲዮ ከቦ ሰማ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ «ትረካ» ብላችሁ የምትሰሙት ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። ያኔም ቢሆን ማሰራጫው የመንግሥት ነበር። ማን ይነበብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ደራሲው አልነበረም።

የዚያ ዘመን ሌላ ገጽታ ደግሞ በዓሉ ግርማ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ኃላፊ ሆኖ ሳለ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ታገደ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ደሞዝም ሙሉ መጠለያ አልሆነም። ቢሮው ራሱ ሊነጥቅህ ይችላል።

በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ደራሲው ረቂቁን ለማንም ሳያሳይ ማሳተም ቻለ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የቀረው እንቅፋት ገንዘብ ነው። ወረቀትና ቀለም በዶላር ከውጭ ይመጣሉ። ዶላር ሲወደድ መጽሐፍ ይወደዳል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ሆነ። ትንሽ ቅጂ ማሳተም ለሚፈልግ ወጣት ደራሲ በሩ በጣም ጠበበ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስልክ ቢያጓጓው ምን ይገርማል?

5. ቴሌግራም የሰጠውና የነሳው

ቴሌግራም በፈረንጆች 2013 ተጀመረ። «ቻናል» የሚባለውን በ2015 ጨመረ። ቻናል ማለት አንድ ሰው ጽፎ ቁጥር የሌለው ተከታታይ የሚያነብበት ቦታ ነው። በትንሽ ዳታ ይከፈታል፣ ፋይል ያስቀምጣል፣ ድምፅ ይልካል። ቴሌብር ደግሞ በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር የባንክ ሰልፍ ሳይኖር ትንሽ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው መላክ ቀለለ።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ አቤ ጉበኛ ያላገኘውን ነገር ለቡሬው ልጅ ሰጡት። ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም። ወረቀት አይገዛም። መጽሐፍ ተሸክሞ አዲስ አበባ አይወርድም። ማታ የጻፈው ጠዋት ሪያድ ያለች እህታችን፣ ቤይሩት ያለች የቤት ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ያነበዋል። አንባቢው ሲስቅም ሲቆጣም በዚያው ቅጽበት ያውቃል። ከልጁ የሚጠበቀው መጻፍ ነው።

ነገር ግን የሚከፈል ዋጋ አለ።

አንደኛ፣ ሳንሱር የነበረበት ቦታ ላይ «ላይክ» ተቀምጧል። «መቶ ላይክ ሲሞላ ክፍል 8 ይለቀቃል» የሚለውን ሁላችንም አይተናል። ደራሲው ይህን የሚጽፈው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ማንበቡንና መውደዱን ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። ሆኖም አንባቢውን ለማቆየት ሲል በየክፍሉ መጨረሻ አደጋ፣ ክህደት፣ ድንገተኛ ሞት ማስገባት ይለምዳል። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ደራሲው መወሰኑ ቀርቶ ሕዝቡ ይወስናል። የሙቅተዲር ዘመን ወራቆች እንዲህ ነበር የጀመሩት።

ሁለተኛ፣ ገልባጩ ተመልሶ መጥቷል። አንድ ቻናል ላይ የወጣ ታሪክ በሰዓታት ውስጥ የደራሲው ስም ተነቅሎ በሌላ ቻናል ይወጣል። የታተመ መጽሐፍም በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነስቶ «ፒዲኤፍ በነፃ» ተብሎ ይበተናል። የሚበትነው ሰው ተከታይ ይሰበስባል፣ ማስታወቂያ ይሸጣል። በባግዳድ ደራሲው ሹመት ስለነበረው ገልባጩ ቢበላም አልተራበም። የቡሬው ልጅ ግን ሹመት የለውም። በዚያ ላይ የባግዳዱ ገልባጭ ቢያንስ በእጁ ሲጽፍ ውሎ ያድራል። የዛሬው ገልባጭ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ በቃ።

ሦስተኛ፣ መስመሩ የደራሲው አይደለም። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተዘግተው እስከ ሐምሌ 2015፣ ለአምስት ወራት ያህል ቆዩ። ተከፈተ ሲባል ብዙ ሳይቆይ በእኛ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለብዙ ወራት ጠፋ። በእነዚያ ወራት ሰው ያሳሰበው ከልብወለድ የሚበልጥ ብዙ ነገር ነበር። ቢሆንም በክፍል በክፍል ጽፎ ጥቂት ብር ለሚያገኝ ወጣት መስመሩ መጥፋቱ «አልወለድም» ከገበያ እንደተሰበሰበው ያለ ነው። አንባቢዎቹ ሌላ ቦታ ሄዱ። ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ።

6. ሌሎች አገሮች እንዴት ሆኑ?

ሁለት ሰዎችን ብቻ ላንሳ።

የግብፁ ነጂብ ማሕፉዝ የዐረብ ልብወለድ ትልቁ ስም ነው፤ በፈረንጆች 1988 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። ይህ ሰው ከ1934 ጀምሮ በጡረታ እስከተሰናበተበት እስከ 1971 ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቀን ቢሮ ይውላል፣ በቀረው ሰዓት ይጽፋል። ልብወለዶቹ በጋዜጣ በተከታታይ ይወጡ ነበር፤ ዛሬ «ክፍል በክፍል» እንደምንለው። ስሙ በዐረቡ ዓለም ሁሉ ከታወቀ በኋላም ደሞዙን አልተወም።

አሜሪካዊው አንዲ ዊር ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራተኛ ነበር። «ዘ ማርሺያን» የተባለውን ታሪክ ከ2009 ጀምሮ በራሱ ድረ ገጽ በነፃ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ይለጥፍ ነበር። አንባቢዎቹ በአንድ ላይ እንዲያደርግላቸው ሲጠይቁት በአማዞን ኪንድል በ99 ሳንቲም ሸጠው። አንባቢዎቹ ገዙት። በነፃ ያነበቡት ሰዎች ጭምር! ከዚያ አሳታሚዎች መጡ፣ በ2015 ፊልም ሆነ።

ዊር የጀመረበት መንገድ ከቡሬው ልጅ መንገድ ብዙ የተለየ አይደለም፤ ሥራውን ሳይለቅ በነፃ፣ በክፍል በክፍል ጻፈ። ልዩነቱ የመጣው አንባቢው ኪሱን የከፈተ ጊዜ ነው።

7. እኛስ?

ለሚጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ ታሪኩ የሚያስተምረውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

▪ ሥራችሁን ወይም ትምህርታችሁን ለመተው አትቸኩሉ። ሐዲስም፣ ማሕፉዝም፣ ዊርም ሌላ እንጀራ ይዘው ነው የጻፉት። የአቤ ድፍረት የሚከበር ነው፤ ዋጋውን ግን አይታችሁ ግቡበት።

▪ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ቴሌግራም ላይ ያለው በሌላም ቦታ ይኑር፣ ሙሉ ረቂቁ ከመስመር ውጭ በፍላሽ ወይም በወረቀት ይቀመጥ። መስመር ይጠፋል፣ አካውንትም ይዘጋል።

▪ በየክፍሉ ላይ ስማችሁን፣ ቀኑንና ክፍሉን ጻፉ። የሐሪሪ ፊርማ ምን እንደጠቀመው አይተናል። ሲሰረቅባችሁ የራሳችሁ መሆኑን የምታሳዩበት ማስረጃ ይሆናችኋል።

▪ መጨረሻውን ሳታውቁ «ክፍል 1» አትበሉ። የታሪኩ ባለቤት እናንተ እንጂ «ላይክ» አይደለም።

ለእኛ ለአንባቢዎች ደግሞ ነገሩ ጠንከር ይላል። በአገራችን ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት አንስቷል፤ በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። በሸሪዓም በኩል ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በፈረንጆች 1988 ኩዌት ላይ በተቀመጠበት 5ኛ ጉባኤ፣ የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ፣ የገንዘብ ዋጋ ያለው መብት እንደሆነና መጣሱ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የሰው ኪስ መግባት ሐራም መሆኑን የማያውቅ ወጣት የለንም። የሰው ሌሊት የፈጀ ድርሰትን ስሙን ነቅሎ መበተን ግን ብዙዎቻችን እንደ ውለታ እንቆጥረዋለን። «ለሰው አካፈልኩ» እንላለን። ያካፈልነው የራሳችንን ነው ወይ?

ስለዚህ ቀላል ነገር እንጀምር። ታሪክ ስታጋሩ ከነደራሲው ስምና ከነቻናሉ አጋሩ። ሰርቆ የሚለጥፍ ቻናል ስታዩ ለባለቤቱ አሳውቁት። ስንት ሌሊት ያስመሸችሁ ደራሲ መጨረሻ ላይ የቴሌብር ቁጥሩን ካስቀመጠ፣ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ላኩለት። ያሳተመ ከሆነ መጽሐፉን ግዙት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ አውሱት፣ ፎቶ አንስታችሁ ግን አትበትኑት።

አቤ ጉበኛ ወንበሩን ትቶ ሲነሳ አንባቢ ይደግፈኛል ብሎ ነበር። ያኔ በእሱና በአንባቢው መካከል ሳንሱር፣ ማተሚያ ቤትና ነጋዴ ቆመው ነበር። ዛሬ በቡሬው ልጅና በእኛ መካከል የቀረው ይህ በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው። ልጁ ዛሬ ማታም «ክፍል 9» ብሎ ሊጀምር ነው። እናቱ ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ ከእኛ ይጠበቃል።